ቦታና ሰዓት የተሰጠው መርዝ

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲገባ ውርጩ ያይላል። ከየገጠሩ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች በሳምንቱ መጨረሻ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ያመጣሉ፤ ማታ ማታ ሦስትም አራትም ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ያድራሉ። ራት ያበሰሉበትን ከሰል ለሙቀት ሲሉ ከክፍሉ አያወጡትም። በሩ ይዘጋል፤ ብርድ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ከመጽሐፉ ምዕራፍ ወጣ ብዬ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ ትምህርት አለ፦ ጭሱ ያለቀ ፍም አደጋው አላለቀም። ከቀላው ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ ዓይን አያስለቅስም። የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ይህን ካስተማርኩ በኋላ ግን ስለዚሁ ጋዝ ሌላ እውነት ሳልነግራቸው አልወጣም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ በየሰዓቱ ይመረታል፤ ሰውነታችንም ይጠቀምበታል። ኬሚስቶች ደግሞ ጋዙን ከብረታ ብረት ጋር አስረው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ እንዲፈታ አድርገው፣ መድኃኒት ሊያደርጉት ከሃያ ዓመት በላይ ሲደክሙ ቆይተዋል። ሥራቸውን በቅርብ የምከታተለው አንድ ትልቅ ነገር ስለሚያስረዳ ነው። መርዝንና መድኃኒትን የሚለየው የነገሩ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ መጠኑ፣ ቦታውና ሰዓቱም ነው። መጠኑን ሐኪሞች ከጥንት ጀምረው ሲመዝኑ ኖረዋል። አንድን መድኃኒት ግን “እዚህ ቦታ፣ አሁን ሥራ” ብሎ ማዘዝ እጅግ ከባድ ነው። ብርሃን ተስፋ የተጣለበት ለዚህ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋዙ እንዴት ይገድላል?

ፈረንሳዊው ተመራማሪ ክሎድ በርናር በ1857 ባሳተመው ሥራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያጠቃው ደምን መሆኑን አሳየ። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢን ሄም የሚባል ክፍል አለው፤ በሄሙ መካከል ደግሞ አንዲት የብረት አቶም ትገኛለች። ኦክስጅን የሚያርፈው በዚህች አቶም ላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድም የሚፈልገው ያንኑ ቦታ ሲሆን፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጽናት ይይዘዋል። በዚህም አያበቃም፤ በዚያው ሄሞግሎቢን ላይ የቀሩት ኦክስጅኖች እንኳን በቀላሉ ወደ ሕዋሳት እንዳይለቀቁ ያደርጋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደሙም ይዘዋወራል፤ አንጎሉና ልቡ ግን ኦክስጅን ያጣሉ።

ከኮቪድ ወዲህ በየክሊኒኩና በየቤቱ የገባችው የጣት ኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ልታሳስት ትችላለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘ ደም ደማቅ ቀይ ስለሆነ ተራዋ መለኪያ ኦክስጅን ከያዘው ደም ለይታ አታውቀውም። በከሰል የታፈነ ሰው ጣት ላይ እንደ ጤነኛ ሰው ያለ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ መዘናጋት አይገባም። የታፈነውን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። ሰውየው ተራ አየር ሲተነፍስ በደሙ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል። በነፍስና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሰውነት የሚሠራው ጋዝ

በ1949 ስዊድናዊው ቶርግኒ ሾስትራንድ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሰው ሰውነት ውስጥ እንደሚፈጠር አሳየ። ከሰል ያልሞቀ፣ ሲጋራም ያላጨሰ ሰው ደም ውስጥ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገኛል፤ የሚመጣውም ከራሱ ከሄሞግሎቢን መፍረስ ነው። በ1968 ደግሞ ራይሞ ተንሁነን፣ ሃርቪ ማርቨርና ሩዲ ሽሚድ ይህን የሚያደርገውን ኢንዛይም ለይተው አወጡ፤ ስሙም ሄም ኦክሲጅኔዝ ተባለ።

የኢንዛይሙን ሥራ ሁላችንም በዓይናችን አይተነዋል። ያረጀ ወይም ከደም ሥር የፈሰሰ ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ ኢንዛይሙ ሄሙን ቆርጦ ሦስት ነገሮች ያወጣል፦ ብረት፣ ቢሊቨርዲን የተባለ አረንጓዴ ቀለም፣ እና ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቢሊቨርዲኑ ቆይቶ ወደ ቢጫው ቢሊሩቢን ይለወጣል። ኳስ ሲጫወት እግሩን የተመታ ልጅ የበለዘው ቦታ ቀስ በቀስ አረንጓዴ፣ በኋላም ቢጫ እየሆነ የሚሽረው ለዚህ ነው። አረንጓዴው በታየበት ቦታ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድም ተፈጥሯል ማለት ነው። የአዋቂ ሰው ሰውነት በሰዓት 0.4 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በቀን ወደ 10 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ያመርታል፤ በመጨረሻም በትንፋሽ ያስወጣዋል።

ከዚሁ ሂደት ጋር የተያያዘ አንድ የታወቀ ሕክምና አለ። አንዳንድ አራስ ልጅ ጉበቱ ገና ስላልጠነከረ ቢሊሩቢኑን በጊዜ ማስወገድ ያቅተዋል፤ ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ሐኪሞች ልብሱን አውልቀው፣ ዓይኑን ሸፍነው፣ ከሰማያዊ መብራት ሥር ያስተኙታል። 460 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን የቢሊሩቢኑን ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ቅርጹ የተለወጠው ቢሊሩቢን ከሰውነት መውጣት ይቀለዋል። ይህ ሕክምና በ1958 በእንግሊዝ አገር ከሮችፎርድ ሆስፒታል በወጣ ጽሑፍ ለዓለም ተዋወቀ፤ ዛሬ በአገራችን ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎችም ይሠራበታል። ልጇን ከዚያ መብራት ሥር አስተኝታ የጠበቀች እናት ሁሉ፣ ብርሃን በሰው ገላ ውስጥ ያለን ሞለኪውል ለውጦ እንደሚፈውስ ምስክር ናት።

የኢንዛይሙ ጥቅም ቆሻሻ ማስወገድ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ አሳዛኝ ታሪክም አለ። በ1999 የጃፓን ሐኪሞች ዋናው ዓይነት ሄም ኦክሲጅኔዝ ከተፈጥሮው ስለሌለው አንድ የ6 ዓመት ልጅ ጻፉ። የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ክፉኛ ተጎድቶ፣ ሰውነቱ በማያባራ ብግነት ተይዞ ነበር። ጉዳቱ ሁሉ ከካርቦን ሞኖክሳይዱ መታጣት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ኢንዛይሙ የሚሠራቸው ሌሎቹ ነገሮችም ቀርተውበታልና። ያም ሆኖ ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ ጋዙን እንደ ተረፈ ምርት ብቻ ማየት አልቻሉም።

በትንሽ መጠን ሲገኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የደም ሥርን ጡንቻ ያላላል፣ ብግነትን ያበርዳል፣ የተጎዱ ሕዋሳት ቶሎ እንዳይሞቱ ያግዛል። ይህ በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ሐኪሞችን በተለይ የሳበው በንቅለ ተከላ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ጥቅም ነው። አንድ ኩላሊት ከለጋሹ ወጥቶ ለተወሰነ ጊዜ ያለ ደም ይቆያል፤ በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ ደም ሲመለስለት ደግሞ የተመለሰው ኦክስጅን ራሱ ሕዋሳቱን ይጎዳል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ይህ ለእኛም የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በልክ የተሰጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህን ጉዳት ቀንሷል።

“ታዲያ በልኩ ለምን አይተነፈስም?” የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ሁሌ ይመጣል። በእርግጥ በሐኪም ቁጥጥር፣ በተለካ መጠን፣ የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ችግሩ በትንፋሽ የገባ ጋዝ መጀመሪያ የሚያገኘው ሄሞግሎቢንን መሆኑ ነው። ወደ ታመመው ኩላሊት ወይም አንጀት ጥቂት ለማድረስ የመላ ሰውነቱን ደም መጫን ያስፈልጋል። የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደደረሰው መቆጣጠር ደግሞ አይቻልም። ከከሰል የሚወጣውማ ልክ የለውም፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ “ከሰል ጥቅም አለው ለካ” የሚል ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

ብርሃን የሚፈታው ቁርኝት

ብርሃን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከብረት እንደሚያላቅቅ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን በ1890ዎቹ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታዎችን መረመረ። ብዙዎቹን ቆፋሪዎች የገደላቸው እሳቱ ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ የሚቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጠ። ጋዙን እየተነፈሰ በራሱ ላይ የሚደርሰውን ምልክት መዘገበ፤ ቆፋሪዎችም ከሰው ቀድመው የሚወድቁ ትናንሽ እንስሳት ይዘው እንዲገቡ መከረ። በዚያው ዘመን እሱና ባልደረባው ሎሬን ስሚዝ አንድ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ጋዙን የያዘ የደም ፈሳሽ ደማቅ ብርሃን ሲያርፍበት ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከብረቱ ይለቃል፤ ጨለማ ሲሆን ተመልሶ ይያዛል።

በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ኦቶ ዋርበርግ ይህንኑ ባሕርይ ለትልቅ ምርምር ተጠቀመበት። የእርሾ ሕዋሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ በበዛበት አየር ውስጥ በጨለማ ሲቀመጡ አተነፋፈሳቸው እጅጉን ይቀንሳል፤ ብርሃን ሲበራባቸው ያገግማል። ዋርበርግ ብርሃኑን በየቀለሙ እየለዋወጠ የትኛው ይበልጥ እንደሚያላቅቅ ለካ፤ ከዚያም በመነሣት በሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚጠቀመው ኢንዛይም ብረት ያለው የሄም ዓይነት መሆኑን አሳየ። በ1931 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ኢንዛይም ላይ በሠራው ሥራ ነው።

ጋዙ የሚወደው ብረትን ብቻ አይደለም። በ1890 ሉድቪግ ሞንድና ባልደረቦቹ ኒኬል ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ተዋህዶ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ እንደሚሆን ደረሱበት። ያ ፈሳሽ ብርቱ መርዝ ቢሆንም ኒኬልን ለማጥራት ትልቅ ኢንዱስትሪ ተመሠረተበት። ከዚያ ወዲህ ጋዙን ከማንጋኒዝ፣ ከተንግስተን፣ ከሩተኒየምና ከሌሎችም ጋር ማሰር ተለመደ።

ይህን ዓይነቱን ውህድ ኬሚስቶች ኮምፕሌክስ ይሉታል። በመካከሉ አንድ የብረታ ብረት አቶም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን መሶብ ከበው እንደተቀመጡ ስድስት ሰዎች ስድስት ተጓዳኞች ይይዙታል። ከስድስቱ ሦስቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የቀሩት ናይትሮጅን ያለባቸው ሌሎች ሞለኪውሎች ናቸው እንበል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ኤሌክትሮኖቹን ለማዕከሉ አቶም ያካፍላል፤ አቶሙም በበኩሉ ከራሱ ኤሌክትሮኖች ለካርቦን ሞኖክሳይድ መልሶ ያካፍላል። ቁርኝቱን የሚያጠብቀው ይህ መልስ ነው። ተስማሚ ቀለም ያለው ብርሃን ሲያርፍ ግን አንድ ኤሌክትሮን ከማዕከሉ ወደ ሌሎቹ ተጓዳኞች ይዘላል። አቶሙ መልሶ የሚያካፍለው ያንሰዋል፣ ቁርኝቱ ይላላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ባዶውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ይይዘዋል። በደንብ የተሠራ ኮምፕሌክስ ብርሃን ካልደረሰው በጨለማ እንደታሰረ ይቆያል።

ከማንጋኒዝ የተጀመረው መንገድ

በ2002 በለንደን ኖርዝዊክ ፓርክ የሚሠራው ሮቤርቶ ሞተርሊኒና ባልደረቦቹ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለቁ የብረታ ብረት ውህዶች የደም ሥርን እንደሚያላሉ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። እነዚህ ውህዶች ኮርም ተብለው ይጠራሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ቢጫ ቀለም ያለው የማንጋኒዝ ውህድ ሲሆን፣ ሁለት የማንጋኒዝ አቶሞች አሥር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሸከማሉ። ጋዙን የሚለቀውም ብርሃን ሲያገኝ ነው።

ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ የምሠራላቸው ስሌት ይኸው ነው። የዚህ ውህድ 39 ሚሊ ግራም አንድ ሚሊ ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይይዛል። ሁሉም ቢለቀቅ በባሕር ጠለል ግፊትና በክፍል ሙቀት ወደ 24 ሚሊ ሊትር ጋዝ ይሆናል፤ ሰውነት በቀን ከሚያመርተው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ወደ አንድ አዋቂ ሰው ደም ቢገባ ከሄሞግሎቢኑ የሚይዘው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ ብዙ የሚያጨስ ሰው ደም ውስጥ ከዚህ የበለጠ ይገኛል። ይህች ለመላው ደም ትንሽ የሆነች መጠን በአንዲት የቁስል ገጽ ላይ ብትለቀቅ ግን ለዚያ ቦታ ብዙ ናት። የሐሳቡ ጥንካሬ እዚህ ላይ ይታየኛል፦ ለሰውየው ጥቂት፣ ለታመመው ቦታ በቂ።

ያ የመጀመሪያው የማንጋኒዝ ውህድ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ለመድኃኒትነት አይመችም። በ2008 በጀርመን ቦኹም የነበረው ኡልሪክ ሽካትሽናይደርና ባልደረቦቹ ሌላ የማንጋኒዝ ኮምፕሌክስ ሠሩ። በውኃማ ፈሳሽ ውስጥ በጨለማ ለሰዓታት ሳይለወጥ ይቆያል፤ 365 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ሲያበሩበት ከሦስቱ ካርቦን ሞኖክሳይዶች ሁለቱን ይለቃል። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባሉ የአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲሞከር ብርሃን ሲያገኝ ገደላቸው። በ2010 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚሠሩት ፒተር ፎርድና ባልደረቦቻቸው ውኃ ውስጥ የሚሟሟ የተንግስተን ውህድ ይዘው መጡ፤ በብርሃን ጋዝ የሚለቁትን እንዲህ ያሉ ውህዶች ፎቶኮርም ብለው የሰየሙትም እነሱ ናቸው።

የብርሃን ሕክምና ለካንሰር ከዚህ በፊትም ነበረ። በ1993 ካናዳ ለፊኛ ካንሰር የፈቀደችው ፎቶፍሪን የተባለ መድኃኒት ብርሃን ሲያገኝ በአካባቢው ያለውን ኦክስጅን ወደ ኃይለኛ ዓይነት ይለውጥና ሕዋሱን ይጎዳል። ይሁን እንጂ ብዙ ዕጢዎች በውስጣቸው ኦክስጅን ያጥራቸዋል። ፎቶኮርም ጋዙን ለመልቀቅ ኦክስጅን ስለማያስፈልገው እንዲህ ባለ ቦታ ሊሠራ ይችላል የሚል ተስፋ አለ።

የቀለሙ ፈተና

የስልካችሁን መብራት ከጣታችሁ ጀርባ አድርጋችሁ በጨለማ እዩት። የሚታየው ቀይ ብቻ ነው። ሰማያዊውና አረንጓዴው በደምና በቆዳ ቀለም ተውጠው ይቀራሉ። አልትራቫዮሌት ቆዳ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይዘልቅም፤ ሰማያዊም ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። ከ650 እስከ 900 ናኖሜትር ያለው ቀይና ከቀይ ባሻገር ያለው የማይታይ ብርሃን ግን በርካታ ሚሊ ሜትሮች ይገባል።

ችግሩ የብርሃን ጉልበት ከሞገድ ርዝመቱ ጋር መቃረኑ ነው። ጠልቆ የሚገባው 730 ናኖሜትር ብርሃን በእያንዳንዱ ፎቶን የሚይዘው ጉልበት፣ 365 ናኖሜትር የሆነው አልትራቫዮሌት ከሚይዘው ልክ ግማሹ ነው። ቁርኝቱን ለመፍታት ጉልበት ያለው ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ለመፍታት ጉልበት ያንሰዋል። የዚህ መስክ የብዙ ዓመት ድካም ይህን ቅራኔ ለመፍታት የተደረገ ነው።

መንገዱም አንድ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የሚሠሩት ፕራዲፕ ማስካራክ ማንጋኒዙን የሚይዙትን ሞለኪውሎች እያሰፉ፣ ኮምፕሌክሱ በሚታይ ብርሃን እንዲሠራ አድርገዋል። ፎርድ ደግሞ ከቀይ ባሻገር ያለውን ብርሃን ደጋግመው ውጠው ጉልበቱን አጠራቅመው የሚታይ ብርሃን የሚያወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከኮምፕሌክሱ ጋር አጣመሩ። በቼክ አገር በብርኖ የሚሠሩት ፔትር ክላንና ባልደረቦቻቸው ብረታ ብረቱን ጭራሹን ትተው፣ እስከ 730 ናኖሜትር ባለ ብርሃን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለቅ ቀለም ሠሩ፤ ሥራቸው የታተመው በ2016 ነው። በጀርመን የና ከተማ ያለው የአሌክሳንደር ሺለር ቡድን በበኩሉ የማንጋኒዙን ውህድ ከፖሊመር በተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ውስጥ ከቶ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ጋዝ የሚለቅ ጨርቅ አዘጋጀ። ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚነካኝ ይህ ጨርቅ ነው። ጋዙን የተሸከመው ውህድ በክሩ ውስጥ ተይዞ ጋዙ ብቻ ቢወጣ፣ ነርስ የቁስል ማሸጊያውን አድርጋ መብራቱን በምታበራበት ደቂቃ መድኃኒቱ ይጀምራል፤ ስታጠፋው ያቆማል።

ያልተሸፋፈነው ጥያቄ

ጋዙ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ብረታ ብረት ምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ በመስኩ ላይ ከባድ ፈተና ሆኖ መጥቷል። ከሞተርሊኒ ሥራ በኋላ በዓለም ዙሪያ በብዛት የተሠራባቸው ሁለት የሩተኒየም ውህዶች አሉ፤ እነዚህ ጋዛቸውን ለመልቀቅ ብርሃን አይጠብቁም። በእነሱ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥቅም እጅግ ብዙ ጽሑፍ ወጥቷል። በ2011 ግን በፖርቱጋል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከሁለቱ አንዱ ፕሮቲን ሲያገኝ ሩተኒየሙ ከነቀሩት ካርቦን ሞኖክሳይዶች ከፕሮቲኑ ጋር እንደሚጣበቅ በክሪስታል ምስል አሳዩ። በ2012 የሼፊልድ ተመራማሪዎች ከዚህ የባሰ ነገር ገለጡ፤ ጋዙን ለመለካት በተለመደው ዘዴ ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካል ራሱ ውህዶቹ ጋዝ እንዲለቁ ያደርግ ነበር። በ2018 ደግሞ ባክቴሪያን ይገድላል የተባለው የአንዱ ውህድ ኃይል ከካርቦን ሞኖክሳይዱ ሳይሆን ከሩተኒየሙ የመጣ መሆኑን ዘገቡ።

ይህ የሳይንስ ውድቀት አይደለም። የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ውህዶች አንዱ የተሠራበት ቤት ነው፤ ስሕተቱን ያወጡትም ከዚያው ቤት የወጡ ሰዎች ናቸው። የገዛ ቤትን ውጤት እንዲህ መፈተሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔም በታላቅ አክብሮት ነው የማነበው። ብርሃን የሚፈልጉት ውህዶች በዚህ ረገድ አንድ ጥሩ ነገር አላቸው፤ አንድ ዓይነት ውህድ፣ በአንድ ዓይነት መጠን፣ ግማሹን በጨለማ ግማሹን በብርሃን አድርጎ ማነጻጸር ይቻላል። ይህም ብቻውን አይበቃም። ጋዙን አስቀድሞ የለቀቀውን ቀሪ ውህድ ለብቻው፣ ብርሃኑንም ለብቻው መሞከር ያስፈልጋል። ማንጋኒዝ ሰውነት በጥቂቱ የሚፈልገው ማዕድን ቢሆንም ሲበዛ አንጎልን ይጎዳል፤ “ተፈጥሯዊ ነው” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን የት ላይ ነን?

ለሰው ሕክምና የተፈቀደ ፎቶኮርም እስካሁን የለም። የታየው ውጤት በአብዛኛው በሕዋሳትና በእንስሳት ላይ ነው። ቢሳካ ቀድሞ የሚደርሰው ብርሃን በቀላሉ ወደሚገባባቸው ቦታዎች ይመስለኛል፦ ወደ ቆዳና ቁስል፣ በቀጭን የብርሃን ክር ወደሚደረስባቸው እንደ ፊኛና አንጀት ያሉ ክፍሎች ውስጠኛ ገጽ፣ ከሰውነት ውጭ ሆኖ ንቅለ ተከላ ወደሚጠብቅ ኩላሊት። በጥልቀት የተቀበረ ዕጢ ዘንድ መድረስ ረጅም መንገድ ይጠይቃል።

“መርዙ ጋዝ ካንሰር ፈወሰ” የሚል ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ወደፊትም ያልፋል። የታመመ ዘመድ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ዜና በጉጉት ቢይዘው አልፈርድበትም። ግን ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠይቅ እለምነዋለሁ። የተሞከረው በሳህን ላይ ባለ ሕዋስ ነው፣ በአይጥ ነው፣ ወይስ በሰው? ጋዙን የለቀቀው ቀሪ ውህድ ለብቻው ተፈትኗል? ብርሃኑ ምን ዓይነት ነው፣ ምን ያህልስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል? ለሦስቱም መልስ የሌለው ዜና ባዶ ተስፋ ይሸጣል።

ለተማሪዎቼ የምለው ደግሞ ሌላ ነው። ማንጋኒዝ ውድ ማዕድን አይደለም። ኮምፕሌክስ መሥራት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪ ክፍሎች የሚታወቅ ሥራ ነው፤ ሰማያዊ መብራቱም በሆስፒታሎቻችን አለ። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው በትዕግሥት መለካት፣ የራስን ውጤት በራስ ላይ ማስመስከርና ከሐኪም ጋር ተቀምጦ መሥራት ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዷ ነገ ይህን ሥራ ብትይዝ፣ ቁስለኛውን ከብልሃቷ ይልቅ ጥንቃቄዋ ይጠቅመዋል፤ ብርሃን ለመርዙ ቦታና ሰዓት መስጠት ይችላል፣ ልኩን የምትሰጠው ግን እሷ ናት።